ሦስተኛው ማሳረፊያ

ሚዛን አማን ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከዋናው በር ገባ እንዳሉ በስተቀኝ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ሰርካዲስ ከዚህች መስኮት ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ደብዳቤው ቀን ከሌለው ትመልሰዋለች። ፊርማ ከሌለው ትመልሰዋለች። «አባሪ ሁለት ገጽ» ብሎ አንድ ብቻ ያያዘ ባለጉዳይ ደግሞ ሁለተኛውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ማህተሟ ከመሳቢያ አይወጣም። ባልደረቦቿ «ጉምሩክ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም ታውቃለች፤ ቅርም አይላትም።

ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የመዝገብ አያያዝ ነው። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ከደሟ ጋር የተዋሐደው አንድ ሕግ ነው፤ የገባ ወረቀት አይወጣም፣ የተጻፈ አይፋቅም። ስህተት ከተገኘ ማስተካከያው በሌላ ወረቀት ይጻፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከስህተቱ ላይ ይታሰራል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህንን ሕግ አንድም ቀን አልጣሰችም። ልትጥሰው የተመኘችበት ግን አለ። አንድ ፋይል።

የፋይሉ ጀርባ ላይ «እምብዛም ያልታወቁ የእግር ጉዞ መስመሮችና የተፈጥሮ ቦታዎች» ተብሎ ተጽፏል፤ ጽሑፉ የራሷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ለየቀበሌው ባለሙያዎች ሰርክዩላር በትኖ ነበር፤ እንግዳ በእግሩ ሊሄድባቸው የሚችሉ ዱካዎች፣ ጫካዎችና ውሃዎች ካሉ ጠቁሙን የሚል። መልስ ከላኩት መካከል የሰርካዲስ ታላቅ ወንድም ተካ አንዱ ነበር። ተካ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር፤ ምድብ ቦታው ከሚዛን አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና ተሄዶ፣ ከባይቃ ገበያ ደግሞ በእግር ቁልቁል ተወርዶ፣ ቡና ጫካው ውስጥ ነበር። የላከው አንድ ገጽ ብቻ ነው።

«የባይቃ ተሸካሚዎች መንገድ። ማሳረፊያዎቹ ሰባት ናቸው። ሦስተኛው ማሳረፊያ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ሁለት መቶ እርምጃ። ውሃው ከጥቁር ድንጋይ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ኩሬ አለው። ተሸካሚዎች የሚጠጡት ከዚህ ነው፤ ከእነሱ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ከዚህ ገጽ በላይ ሌላ ገጽ ታስሯል። ሦስት ሰዎች የፈረሙበት የኮሚቴ ግኝት ነው። «ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ አጣርቷል። ከሦስተኛው ማሳረፊያ በስተግራ የጎደሬ ማሳና ረግረግ እንጂ የተባለው ፏፏቴ የለም። ጥቆማው ከእውነት የራቀ ሆኖ ተገኝቷል።» ማህተሙ ክብ፣ ደማቅ፣ ያልተንሻፈፈ ነው። የመታችው ሰርካዲስ ናት።

ያን ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ ተካ ምሳ ሊበላ ቤቷ መጥቶ «ስለዚያ ውሃ ምን አሉ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። የመሥሪያ ቤት ምስጢር ምስጢር ነውና ግኝቱን አልነገረችውም። «መረጃህን አጣራና እንደገና ጻፍ» አለችው፤ በመስኮቱ በኩል ለቆመ ባለጉዳይ በምትናገርበት ድምፅ።

ተካ ሳቀ። «ምኑን ነው የማጣራው? ነይና እዪዋ!»

«ሥራ አለኝ።»

«ቅዳሜም ሥራ አለሽ?»

ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜ ጠራት። አልሄደችም። ጫማ የለኝም አለች፣ አልቅት እፈራለሁ አለች፣ ልብስ አጥባለሁ አለች። በመጨረሻ መጥራቱን ተወ። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት ላይ ሞተር ብስክሌቱ ተንሸራቶ ተካ ሞተ። ዕድሜው አርባ ሁለት ነበር።

እንግዲህ ይህ ፋይል መደርደሪያው ላይ አለ። በየቀኑ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። ወንድሟ በዚህ ዓለም ስለሠራው ሥራ በመንግሥት ማህተም የተረጋገጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ያ ነው፤ ከእውነት የራቀ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ኃላፊው አቶ ኢሳይያስ በመስኮቷ በኩል አንገታቸውን አስገቡ። «ሰርካዲስ፣ ያንን የእግር መንገዶቹን ፋይል አውጪልኝ። ዝርዝሩ በመጽሔት ሊታተም ነው። ኮሚቴው ‹የለም› ያላቸውን እንሰርዝና የቀሩትን እንላክ።»

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ግንቦት መጨረሻ ላይ። ከዚያ ወዲያ የገባም ገባ፣ የወጣም ወጣ።»

ፋይሉን ሰጠቻቸው። ከመስጠቷ በፊት ግን የተካን ገጽ እንደገና አነበበችው። አንድ ነገር አስጨነቃት። ተካ ቀልደኛ እንጂ ሰነፍ አልነበረም፤ ሆኖም ነገር ማሳመር ይወድ ነበር። ልጅ ሳሉ አንዲት ጉሬዛ አይቶ አምስት አየሁ የሚል ልጅ ነበር። እና ኮሚቴው ትክክል ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ከሞቱ ያላነሰ አመማት። ሙት ዓመቱ ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ መጽሔቱም ከመታተሙ በፊት፣ በገዛ ዓይኗ ማየት አለባት። ውሃው ካለ ተካ እውነተኛ ነው። ከሌለ ደግሞ፣ የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቦቲ ጫማ ገዝታ፣ የዝናብ ልብስ ለብሳ፣ የራሷን የማስታወሻ አቃፊ ይዛ ሄደች። ባይቃ ገበያው ሞቅ ብሏል። አንዱን ሙዝ ሻጭ ጠየቀችው። «ፏፏቴ በዚህ አለ?»

ሰውየው አቃፊዋን አየ። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየ። «መሬት ልትለኩ ነው?»

«አይደለም። ውሃ ነው የምፈልገው።»

«ውሃማ ቧንቧው እዚያ ጋ ነው።»

ሌላዋን ጠየቀች። «አላውቅም።» ሌላውን ጠየቀች። «ባለፈው እንዲህ ብለው መጥተው ነው የአጎቴን ማሳ የለኩት። አናውቅም።» አንድ ጎልማሳ ብቻ በደስታ «ፏፏቴ? አለ እንጂ! ያ መንገድ ዳር፣ ሰው ፎቶ የሚነሣበት!» ብሎ በተቃራኒው አቅጣጫ እጁን ዘረጋ።

ብቻዋን ወረደች። ማሳረፊያዎቹን ማግኘት አላስቸገራትም። በየዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ሁለት ባላ ተተክሎ አግዳሚ ተጋድሞበታል። ሰው ሸክሙን በጀርባው እንዳዘለ ዞር ብሎ አግዳሚው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ከዚያ የሚያሸክመው ሰው ሳያስፈልገው ይነሣል። ሰርካዲስ አንደኛውን አየች፣ በሜትር ለካች፣ መዘገበች፤ «ቁመት አንድ ሜትር ከአሥር። አግዳሚው አዲስ።» ሁለተኛውን ለካች። ሦስተኛው ላይ ወደ ግራ ታጠፈች። ጎደሬ። ረግረግ። ቦቲዋ እስከ አፉ ጭቃ ሞልቶ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ፍቅሩ መስኮቷን ተደግፎ ጠበቃት። ፍቅሩ የቱሪዝም ባለሙያ ነው፤ ከሦስቱ የኮሚቴ ፈራሚዎች አንዱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ግን አርፎ አያውቅም።

«ሰርኬ፣ ጎደሬው እንዴት ነው? በስሏል?»

«ማን ነገረህ?»

«ቦቲሽ ነገረኝ። እኔም ያንን ጭቃ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጫማ እዚያ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ምን ያህል ፈለጋችሁ?»

«ሦስተኛው ማሳረፊያ አለ፣ ሦስተኛው ማሳረፊያ ሄድን። በግራ አለ፣ በግራ ሄድን። ሁለት መቶ እርምጃ አለ፣ መቶ ሰማንያው ላይ ሰመጥን።» ፍቅሩ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነፍሱን ይማርና፣ ተካ ጥሩ ሰው ነበር። ግን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ጨዋታ ይወድ ነበር።»

ሰርካዲስ መስኮቷን ዘጋች። የሥራ ሰዓት ሆኖ ሳለ መስኮቷ ሲዘጋ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ሐሳብ ይዛ ሄደች፤ ምናልባት አንዱ ማሳረፊያ ፈርሶ ይሆናል፣ እንዲያ ከሆነ የዛሬው ሁለተኛ የያኔው ሦስተኛ ነው። ከሁለተኛው በግራ ገደል ነው። ወይም አዲስ ተጨምሮ ይሆናል፤ ከአራተኛው በግራ የሰው ቡና ነው፣ ባለቤቱም ውሻ አለው። በሦስተኛው ቅዳሜ እስከ ሰባተኛው ድረስ ወርዳ፣ ከእያንዳንዱ በስተግራ ሁለት መቶ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠረች። ቁጥቋጦ፣ የወደቀ ዋንዛ፣ እሾህ፣ ደግሞ ቁጥቋጦ። ለማዳመጥ ቆመች። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይንጣጣል፣ ቦዩ ሁሉ ይፈሳል፤ ግንቦት ውስጥ ጫካው በሙሉ ውሃ ነው የሚያወራው፣ የትኛውን ትስማ? አልቅት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጣብቆ ቤት ገብታ አገኘችው። ጨው ነስንሳ አላቀቀችው፤ አለቀሰች፣ በአልቅቱ ግን አይደለም።

የመስክ ማስታወሻዋ አሥራ አራት ገጽ ሞልቷል። የማሳረፊያዎቹ ቁመት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ ሁሉም አለ። ውሃ ብቻ የለም።

አራተኛው ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር፤ ዝርዝሩ ማክሰኞ ይዘጋል። ያን ቀን አቃፊዋን ቤት ትታ ሄደች። በሥርዓት አስባበት አይደለም፤ ሰልችቷት ነው። መታወቂያዋንም አላደረገችም። ከመኪና መውረጃው ባይቃ ገበያ ድረስ ያመጣት ባለባጃጅ፣ ሙሐመድኑር ይባላል፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲያወርዳት «እትዬ፣ እዚህ ታች ወርቅ አለ እንዴ? ካለ እኔም ልምጣ» አላት። አልሳቀችም።

አምስተኛው ማሳረፊያ ጋ ስትደርስ ተንሸራትታ በጎኗ ወደቀች። ተነሥታ፣ የተቧጠጠ ክንዷን ይዛ፣ አግዳሚው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ማንም አልነበረም። ስለዚህ ጮኸች።

«ምን አለ አንድ ቃል ብትጨምር! ከምን በስተግራ? የማን ግራ? አንድ ቃል! አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ ቦታ ነበረህ እኮ! በዚህ ጽሑፍ ሌላ ሰው ቢመጣብኝ እመልሰው ነበር! እመልሰው ነበር፣ ተካ!»

ከታች በኩል የሚያቃስት ትንፋሽ ሰማች። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወገባቸውን አጉብጠው ዳገቱን እየወጡ ነው። ጀርባቸው ላይ ጎደሬ የሞላው ማዳበሪያ አለ፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ተወጥሯል። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ።

«ተነሺ ልጄ። የሰው መቀመጫ አይደለም።»

ሰርካዲስ ዘላ ወረደች። ሴትዮዋ ዞር አሉ፣ ጀርባቸውን ለአግዳሚው ሰጡ፣ ማዳበሪያው በልኩ አረፈ። ገመዱን ላላ አድርገው ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«ከማን ጋር ነው ጠቡ?»

«ከወንድሜ ጋር።»

ሴትዮዋ ዙሪያውን አዩ። «የታለ?»

«ሞቷል፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩዋት። ግንባሯን፣ ከዚያ አፍንጫዋን። «ተካ» አሉ፣ ሳይጠይቁ። «አንቺ ባለ መስኮቷ ነሽ። ‹እህቴ መስኮት አላት፣ በዚያ በኩል ዝንብ እንኳ ያለ ቀን አይገባም› ይል ነበር። አስካለች እባላለሁ። ታች ሸለቆው ውስጥ ቤቱ ከቤቴ አጠገብ ነበር። ለቅሶ ሚዛን መጥተናል፣ አታስታውሺንም፤ ያን ቀን ሰው አታዪም ነበር።»

 ሰርካዲስ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ወረቀቱን፣ ኮሚቴውን፣ አራቱን ቅዳሜ። «ሦስተኛው ማሳረፊያ ብሎ ጻፈ። ከሦስተኛው በግራ ምንም የለም። ከሌሎቹም የለም። ይኸው አምስተኛው ላይ ነኝ...»

«የምን አምስተኛ?» አስካለች አቋረጧት። «ይሄ ሦስተኛ ነው።»

«አምስተኛ ነው፣ እማማ። ቆጥሬያለሁ። ለክቻለሁም።»

አስካለች ወደ ታች ጠቆሙ። «ወንዙ ጋ አንድ። ዋርካው ጋ ሁለት። ይሄ ሦስት። ከዚያ ወደ ላይ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ገበያው አፍ ላይ ሰባት።»

«ከታች ነው የሚቆጠረው?»

«ታዲያ ከየት ይቆጠር?»

«ከላይ። ከመንገዱ። መግቢያው እዚያ አይደለም?»

አስካለች ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነው። «ኧረ የኔ ልጅ! ከላይ ስትወርጂ ባዶሽን ነሽ። ገበያ ሸጠሽ፣ ጨውና ሳሙናሽን በእጅሽ ይዘሽ ነው የምትወርጂው። ባዶውን የሚሄድ ሰው ምን ያሳርፋል? ማሳረፊያ የሚቆጥረው የተሸከመ ነው።» አግዳሚውን በመዳፋቸው መቱት። «እስቲ ፊቱን እዪው። ወደየት ነው የዞረው?»

ሰርካዲስ አየች። ባላዎቹ ከመንገዱ ጋር አልተካከሉም፤ ከታች የሚመጣ ሰው ዞር ሲል ጀርባው በቀጥታ እንዲገጥማቸው ተደርገው ጋደል ብለው ተተክለዋል። ሰባቱም እንዲሁ ነበሩ። የሰባቱንም ቁመት ጽፋለች። ወደየት እንደዞሩ ግን የአንዱንም አልጻፈችም።

«ግራስ?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው።

«ወደ ላይ ዙሪ፣ እንደተሸከመ ሰው። እ። አሁን ግራሽ የታለ?»

ወደ ገበያው ፊቷን አዞረች። ግራ እጇ፣ ስትወርድ ሁልጊዜ በቀኟ የተወችው፣ የኮረሪማ ቅጠል የሸፈነው ጠርዝ ነበር። ቅጠሉ መካከል አንዲት ጠባብ ዱካ አለች። ያለፈው ቅዳሜ እዚሁ ቆማ፣ ጀርባዋን ለዚህች ዱካ ሰጥታ፣ በተቃራኒው ጫካ ውስጥ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጥራለች።

አስካለች ማዳበሪያቸውን አግዳሚው ላይ አስረው ተከተሏት። ሰርካዲስ መቁጠሯን አልተወችም። መቶ አምሳው ላይ ድምፁ ተለየ፤ ከዝናቡም ከቦዩም የተለየ፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቅጠሉ ተገለጠ።

ውሃው ከጥቁር ድንጋይ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ኩሬ አለው። ምንም አላሳመረውም፤ እንዲያውም አሳንሶታል። ቁመቱ የሁለት ፎቅ ያህል መሆኑን አልጻፈም። ከድንጋዩ ሥር የሚወጣው ጭጋግ ፊት እንደሚያርስ፣ ጉሬዛዎች ከላይ ዛፉ ላይ ጭራቸውን አንዠርግገው ሰውን ቁልቁል እንደሚያዩ አልጻፈም። ቆጠረቻቸው፤ አምስት ናቸው።

ኩሬው ዳር አንድ የቀርከሃ አሸንዳ ከድንጋዩ ስንጥቅ ወጥቶ በሰው ደረት ቁመት ላይ ውሃ ያፈሳል። «ይሄን ተካ ነው ያስገባው» አሉ አስካለች። «ሸክም ያለበት ሰው ጎንበስ ብሎ መጠጣት አይችልም ብሎ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን ነበር የሚወጣው። እዚህ ስንደርስ ‹ዛሬ እህቴን አመጣታለሁ ብዬ ነበር› ይላል። ሁሌ።»

ሰርካዲስ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም። ያቃጠላት ንዴት ነው፤ በኮሚቴው፣ በማህተሙ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። ሁልጊዜ ወንድሟን የምታስበው ከሚዛን ተነሥቶ፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ወደ ጫካ የሚወርድ ሰው አድርጋ ነበር። መንገዱ ለእሷ ከቤቷ ነበር የሚጀምረው። ለእሱ ግን መንገዱ የሚጀምረው ከታች ነው፤ በየቅዳሜው ከሸለቆው ተነሥቶ፣ ሰባቱን እየቆጠረ፣ ወደ እሷ ይወጣ ነበር። አንድ ቃል ያልጨመረው ስለረሳ አይደለም። የሚያስፈልግ አልመሰለውም።

ከአሸንዳው ጠጣች። ቀና ብላ ነው የጠጣችው።

ሰኞ አቶ ኢሳይያስ ቢሮ ስትገባ፣ በስልኳ ያነሣቻቸው የፏፏቴው ፎቶዎች የታተሙበት ወረቀት ገና አልደረቀም ነበር። ኃላፊው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «የሚያምር ነው። እውነቴን ነው፣ በጣም ያምራል።» ከዚያ መልሰው ዘረጉላት። «ግን የኮሚቴን ግኝት የሚሽረው ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴውን ይላኩት። ከነገ በፊት።»

«በምን መኪና? ደግሞ አንዱ አባል ተዛውሯል።»

«መኪና አይገባበትም። በእግር ነው። የእግር መንገድ ነው እኮ የምንመዘግበው!»

«ሰርካዲስ።» አቶ ኢሳይያስ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ እህቱ ነሽ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነሽ የወንድምሽን ፋይል አስተካከልሽ ቢባል ምን ይመስላል? ሥርዓቱን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ያናደዳትም ይኸው ነው። ማክሰኞ ዝርዝሩ ተካን ሳይዝ ሄደ። የወጪ ቁጥሩን የሰጠችው እሷ ናት፤ ማህተሙን የመታችው እሷ ናት፤ ክብ፣ ደማቅ፣ ያልተንሻፈፈ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ የሥራ ሰዓት ባልሆነ ጊዜ፣ በዋናው በር ወጣች። ትንሽ ቆይታ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተመልሳ ገባች። በመስኮቷ በኩል፣ ከውጭ፣ አንድ ደብዳቤ አስቀመጠች። ዞራ በጓሮ በር ገባችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደብዳቤውን አነሣች። ፍቅሩ ዳቦውን እያኘከ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«ባለጉዳይ እያስተናገድኩ ነው።»

ቀኑን አየች፤ አለ። ፊርማውን አየች፤ አለ። «አባሪ አራት ገጽ» ይላል። ቆጠረች። ሦስት ነው። ግንባሯን አኮማተረች፤ እንደገና ቆጠረች። ሦስት።

«እንዳትዪኝ» አለ ፍቅሩ።

ሰርካዲስ ደብዳቤውን በመስኮቱ ወደ ውጭ መለሰችው። ተነሥታ ዞረች፣ ከውጭ ቆማ ቦርሳዋን ፈተሸች፣ አራተኛውን ገጽ አገኘች፣ አያያዘች፣ ተመልሳ ገብታ ተቀበለች። ፍቅሩ በሳቅ ዳቦው ሊያንቀው ደረሰ። እሷ ግን ማህተሙን አውጥታ መታች፣ ገቢ ቁጥር ጻፈች፣ ከኃላፊው ዘንድ የተመለሰውን ፋይል ከመደርደሪያው አወረደች።

የኮሚቴውን ገጽ አላወጣችውም። የተካን ገጽም አልነካችውም፤ አንድ ቃል ለመጨመር እጇን ቢበላትም። አዲሱን ደብዳቤ ከሁለቱም በላይ አሰረችው። ፋይል የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ላይኛውን ነው። ላይኛው እንዲህ ይላል፤ «በአገሬው ልማድ ማሳረፊያ የሚቆጠረው ሸክም ከሚነሣበት ነው። ጠቋሚው በዚሁ ልማድ ቆጥረው ጽፈዋል። ኮሚቴው ከሸለቆው ወደ ላይ ቆጥሮ እንደገና እንዲያጣራ አመለክታለሁ።»

ፍቅሩ ዳቦውን አስቀምጦ አነበበው። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። ሳቁ ጠፋ።

«‹በግራ ነው› ብዬ ቀድሜ የገባሁት እኮ እኔ ነበርኩ» አለ። «‹ከእውነት የራቀ› የምትለውንም ቃል እኔ ነኝ ያስገባኋት። ጫማዬ ጠፍቶ ተናድጄ ነበር።»

ሰርካዲስ ፋይሉን ዘጋችው። ልትለው የምትችለው ነገር ሁሉ ክፉ ነበር።

«ሁለት አባላት ሚዛን ውስጥ አለን» አለ ፍቅሩ። «ከሦስት ሁለት ፊርማ ይበቃል። ዝርዝሩ ቢያመልጠንም ግኝቱ ይሻራል። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?»

«አንድ ሰዓት። ቦቲ አድርግ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰርካዲስ፣ ፍቅሩና ሌላው የኮሚቴ አባል ባይቃ ገበያ አፍ ላይ ቆሙ። ዝናቡ ቆሟል፣ ጭቃው አልቆመም። ፍቅሩ የመጀመሪያውን ማሳረፊያ ሲያይ ጣቱን አነሣ።

«አንድ...»

«አትቁጠር» አለችው ሰርካዲስ።

«ታዲያ በምን ላውቀው ነው?»

«አሁን ባዶህን ነህ። ዝም ብለህ ውረድ። ወንዙ ጋ እማማ አስካለች ሦስት ማዳበሪያ ጎደሬ ይዘው ይጠብቁናል። ስንመለስ ተሸክመህ ትቆጥራለህ።»